የካያ መንጋጋ

ሲው ኪም በሰባ አራት ዓመቷ የማታውቀው የጥርስ ጉዳይ አለ ቢሏት ትስቅ ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ከሜዳው ጠርዝ ባለች አንዲት ነጭ ክፍል፣ የሕፃናት ጥርስ ስትቦረቡር፣ ስትሞላና ስትነቅል ኖራለች። በሲንጋፖር ከአርባ ዓመት ያለፈው ሰው ሁሉ እንደ እሷ ያለች አንዲት ነርስ ያውቃል። ክፍል ተቀምጠህ ሒሳብ እየተማርክ በሩ ይንኳኳና፣ ታክሞ የወጣ ልጅ ጉንጩን ይዞ ገብቶ ስምህ የተጻፈበትን ካርድ ለመምህሩ ይሰጠዋል። ልብህ ድው ይላል። ነርሷን ሁሉም ሰው «ሚሲ» ነው የሚላት፤ ሲው ኪምም ጡረታ ከወጣች በኋላ እንኳ በሰፈሩ ሚሲ ኪም ሆና ቀርታለች። አሳንሰር ውስጥ ስትገባ አፋቸውን ገጠም የሚያደርጉ፣ የልጆች አባት የሆኑ ሰዎች ዛሬም አሉ። ይህን ታውቃለች፤ ደስም ይላታል።

ስለዚህ ልጅ እግሯ የእንስሳት ሐኪም፣ ዶክተር ፋሪዳ፣ የካያን አፍ በትንሽዬ መብራት አይታ ቀና ስትልና «አንቲ፣ ምግቧን ማነው ያለሰለሰው?» ብላ፣ በአገሩ ለትልቅ ሴት በሚሰጠው የአክብሮት መጠሪያ ስትጠይቃት፣ ሲው ኪም የተሰደበች ያህል ተሰማት።

ካያ ጥንቸሏ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ለጥንቸል ይህ እርጅና ነው። ስሟን ያገኘችው ዳቦ ላይ ከሚቀባው የኮኮናት ማርማላታ ነው፣ ቀለሙ ቀለሟ ስለሆነ። ወደ ሲው ኪም ቤት የመጣችው ለሁለት ሳምንት ነበር። ልጇ ቡን ቴክ ለሴት ልጁ ልደት ገዝቷት፣ ልጅቷ ደግሞ ስልክ የተገዛላት ቀን ጥንቸሏን እርግፍ አድርጋ ተወቻት። ቡን ቴክ «ማ፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ ያዢልኝ» ብሎ ከነሳጥኗ አምጥቶ አስቀመጣት። ይኸው ሁለቱ ሳምንት ሰባት ዓመት ሆኖታል። ሲው ኪም የምትፈልገው ድመት ነበር፤ በመንግሥት ፎቅ ቤት ግን ያን ጊዜ ድመት ክልክል ነበር፣ ጥንቸል ይፈቀዳል። ባሏ በሞተ በሁለተኛው ዓመት፣ ማለዳ ወጥ ቤት ስትገባ እግሯ ሥር የሚሽከረከር ነገር በመኖሩ ምን ያህል ደስ እንደሚላት ለማንም ተናግራ አታውቅም። ትወዳታለች፤ በቃ።

«ማን ያለሰልሰዋል፣ እኔ ነኝ እንጂ» አለች ለዶክተሯ። «ካለፈው ዓመት ጀምሮ ድርቆሹን እየተወችው መጣች። አፏን እንዳመማት ገባኝ። ስለዚህ አጃ በሙቅ ውሃ እያሸሁ፣ ዱባ ቀቅዬ እየፈጨሁ፣ አንዳንዴም የሩዝ ሙቅ እያቀጠንኩ እሰጣታለሁ። አሟጣ ነው የምትልሰው።»

ሲው ኪም ቴዎቹ ከሚባሉት ቻይናውያን ወገን ናት። በእነሱ ቤት የታመመ ሰው ሙቅ ይጠጣል። ትኩሳት የያዘው፣ የተሰፋው፣ ለቅሶ ላይ የሰነበተው፣ ጥርሱን የተነቀለው፣ ሁሉም ቀጭን የሩዝ ሙቅ ነው የሚቀርብለት፣ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። ሙያዋም የሚለው ያንኑ ነበር፤ አፉ የቆሰለ ልጅ ለስላሳ ነገር ይብላ። እናቷና ሙያዋ ተስማምተው የነገሯትን ነገር የምትጠራጠርበት ምክንያት አልነበራትም።

ዶክተር ፋሪዳ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንቲ፣ የጥንቸል ጥርስ እንደኛ አይደለም። እስክትሞት ድረስ ያድጋል። የሚሞረደው ቀኑን ሙሉ ሻካራ ነገር ስታኝክ ነው። ሙቅ ደግሞ አይታኘክም። መንጋጋዎቿ ያለ ከልካይ አድገው ጠርዛቸው እሾህ አውጥቷል። የላይኞቹ ጉንጯን፣ የታችኞቹ ምላሷን እየወጓት ነው።»

«ጥርሷን በየሳምንቱ አያለሁ። ደህና ነው።»

«የፊቶቹ ደህና ናቸው። ችግሩ ከኋላ ነው። የጥንቸል አፍ ጠባብ ስለሆነ ያለ መሣሪያ አይታይም፤ በራስዎ አይፍረዱ።»

ሲው ኪም ግን በራሷ ፈረደች። «የፊቱ ለፎቶ ነው፣ የኋላውን አሳየኝ» እያለች ስንቱን ልጅ አፍ አስከፍታለች። ስንቷን እናት በልጇ ፊት አቁማ፣ ለስላሳ ዳቦና ጣፋጭ ወተት እያበላሽ ነው ጥርሱን የጨረስሽው ብላ አሸማቅቃለች። አሁን እሷ ራሷ ዓመት ሙሉ፣ ቀን በቀን፣ በማንኪያ፣ የምትወዳትን እንስሳ አፍ ስታበላሽ ከርማለች። ጆሮዋ ጋለ። ያን ዓይነት ሐፍረት ከልጅነቷ ወዲህ ተሰምቷት አያውቅም።

ካያ በዚያው ቀን ደንዝዛ መንጋጋዎቿ ተሞረዱ። ሲው ኪም ውጭ ወንበር ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ቀጥ ብላ ጠበቀች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ካያ በፎጣ ተጠቅልላ ወጣች፤ አገጯ በለሃጭ ርሷል፣ ዓይኖቿ ግማሽ ተከድነዋል።

«ዕድሜዋ ስለገፋ ከማደንዘዣው ቶሎ ነው ያነቃኋት» አለች ዶክተር ፋሪዳ። «ዋና ዋናዎቹን እሾሆች አንስቻለሁ። አሁን አሥር ቀን አለን። ይህን ዱቄት በጥብጠው በሲሪንጅ ያብሏት፣ ማስታገሻውን በቀን ሁለት ጊዜ ይስጧት። ዕድሜ ልኳን ግን በሲሪንጅ አትኖርም። ድርቆሽ ወይም መድኃኒት ያልነካው ሳር በራሷ ማኘክ መጀመር አለባት። ካልጀመረች ጥርሱም መልሶ ያድጋል፣ ሆዷም ሥራ ያቆማል። ያን ጊዜ ማቆየቱ ማሰቃየት ነው የሚሆነው።»

«ገባኝ።»

«በመርፌ እናስተኛታለን ማለቴ ነው፣ አንቲ፣ እንዳትነቃ።»

«ገባኝ አልኩሽ እኮ። ምን ትደጋግሚዋለሽ?»

መኪናው ውስጥ ቡን ቴክ መሪውን እንደያዘ ጠየቃት። «ምን አለች?»

«ጥርሷ ነው።»

«ከእርጅና ነው አይደል?»

ሲው ኪም በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ሌሎቹ ነርሶች «አያምም፣ አያምም» እያሉ ሕፃናቱን ሲያባብሉ፣ እሷ «ያማል፣ ግን ቶሎ ያልቃል» የምትል ሴት ነበረች። ለሕፃን ዋሽታ አታውቅም። ለሃምሳ ዓመቱ ጎልማሳ ልጇ ግን ዋሸችው። «እርጅና ነው» አለችው። «በአሥር ቀን ውስጥ በራሷ ማኘክ ካልጀመረች ያስተኟታል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤት ክሊኒክ ሆነ። ካያን በፎጣ ጥቅልል ታደርጋትና፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ሲሪንጁን በጉንጯ በኩል አስገብታ ጠብ ጠብ ታደርግላታለች። አረንጓዴው ብጥብጥ ግማሹ ሆዷ ይገባል፣ ግማሹ የሲው ኪም ቀሚስ ላይ ይቀራል። «ዋጪ» ትላታለች። «ዋጪ፣ አትቅበጪብኝ። ከአንቺ የባሱ እልኸኞች አይቻለሁ። አንዱ ጣቴን ነክሶኝ ነበር፤ ዛሬ አብራሪ ነው።» ካያ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ ጥላ ትውጣለች። ከዚያ ሲው ኪም መሬት ላይ ተንበርክካ በጋዜጣው ላይ ያለውን በጠጥ ትመረምራለች። ትልልቅ ከሆነ ቀኑ ደህና ነው፤ ከጤፍ ጥቂት ከፍ ያለ ከሆነ ደህና አይደለም። ጉልበቷ ስትነሳ ይንቋቋል፣ ስትቀመጥ ይንቋቋል።

ድርቆሹን ግን ካያ እምቢ አለች። ሲው ኪም አምስት ዓይነት አመጣች፤ ለስላሳውን፣ ሻካራውን፣ አበባ የተቀላቀለበትን። ካያ አሽትታ ፊቷን ታዞራለች። ያ አፍ ዓመት ሙሉ ስለት ሲያኝክ ከርሟል፤ ሰውም ቢሆን ማኘክ ይፈራል።

ከኮሪደሩ ማዶ ያለችው ማዳም ፖህ በብረት በሩ በኩል ብቅ አለች። «ሚሲ፣ አሁንም በጡጦ ላይ ናችሁ? ይቺን ለሾርባ እንኳ ብትያት ጊዜዋ አልፏል፣ ሥጋዋ ሽቦ ነው።»

«ለሾርባ ከሆነ ያንቺ ምላስ ይሻላል፣ ፖህ። በየቀኑ ሲረዝም አየዋለሁ።»

ማዳም ፖህ ሳቀች፤ ሆኖም አልሄደችም። «እኔ ለአንቺ ብዬ ነው። ለእንስሳ ይሄን ያህል መድከም ምን ይባላል?»

«ጥርስ ማከም ይባላል» አለችና በሩን ዘጋችባት።

ረቡዕ ዕለት ቡን ቴክ ደወለ። ድምፁ ለስለስ ብሎ ነበር፤ ሲው ኪም የልጇ ድምፅ ሲለሰልስ ከጀርባዋ አንድ ነገር እንደተወሰነ ታውቃለች።

«ማ፣ ቅዳሜ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ቀጠሮ ይዣለሁ። ክሊኒኩ።»

«የምን ቀጠሮ? አንተ አሞሃል?»

«ማ፣ አሥሩ ቀን ቅዳሜ ያልቃል። ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። ለጥንቸል ይሄ እንደ ሰማንያ ዓመት ነው።»

«እኔ ሰማንያ ሲሞላኝም ቀጠሮ ልትይዝልኝ ነዋ።»

«እንደሱ አላልኩም።»

«አትልም፣ ትይዛለህ እንጂ።»

«አንቺ ራስሽ እየከሳሽ ነው። ጉልበትሽ አልቋል። ማንም ያጠፋ የለም፣ እርጅና ነው፤ ራስሽ ነሽ ያልሽኝ። ልቀቂያት።»

ማንም ያጠፋ የለም የሚለው ቃል ነው የቆረጣት። ካያ ቅዳሜ ብትሞት ሁሉም ሰው ከእርጅና ሞተች ይላል፤ ለሲው ኪም ሻይ ይዘው መጥተው ያጽናኗታል፤ እሷም አንገቷን ዝቅ አድርጋ ትቀበላለች። እንዲያ ዓይነት ማምለጥ ቀፈፋት። «ቅዳሜ ገና ነው» ብላ ዘጋችው።

ሐሙስ ጠዋት መቀስና ፌስታል ይዛ ወጣች። የፎቆቹ ሥር ሳር ሞልቷል፤ ለትንኝ የሚነፋው ጭስ ግን በየሳምንቱ ያርፍበታል። ሲው ኪም የምትሄድበትን ታውቅ ነበር። የድሮ ትምህርት ቤቷ ልጅ አጥቶ ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ከተቀላቀለ አራት ዓመት ሆኖታል። ግቢው በአረንጓዴ ሽቦ ታጥሮ፣ መግባት ክልክል ነው የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎበት ተዘግቷል። ሜዳውን የሚያጭደው ስለሌለ ሳሩ ወገብ ደርሷል፤ ሻካራ፣ ረጅም፣ ጠርዙ እጅ የሚቧጭር።

በሽቦው ቀዳዳ እጇን አስገብታ መቁረጥ ጀመረች። ፌስታሉ ሩብ ሳይሞላ ከኋላዋ ድምፅ መጣ።

«አንቲ፣ እዚህ አይፈቀድም።» ዘበኛው ነው። ስልሳ የተጠጋ፣ ነጭ ቆብ ያደረገ የማላይ ሰው፤ ደረቱ ላይ ሃሩን ተብሎ ተጽፏል።

«ምኑ ነው የማይፈቀደው?»

«መግባት።»

«አልገባሁም። የገባው እጄ ብቻ ነው።»

«እጅም አይፈቀድም።»

«ስማኝ፣ ኢንቺክ ሃሩን» አለች፣ ለማላይ ሰው የሚሰጠውን የአቶ ማዕረግ ሳታጎድል፤ መቀሱን ግን አላወጣችም። «ያ መስኮቱ የተሰበረው ክፍል ይታይሃል? ሠላሳ አምስት ዓመት የኔ ነበር።»

«ምን ያስተምሩ ነበር?»

«አላስተምርም። ጥርስ ነው የምነቅለው።»

የሰውየው እጅ በራሱ ጊዜ ወደ አፉ ሄደ። «ሚሲ ነዎት?»

«ነኝ።»

«እኔ እዚህ አልተማርኩም» አለ ፈጠን ብሎ። «የኛ ትምህርት ቤት ቤዶክ ሰፈር ነበር። የኛዋ ሚሲ ግን…» ቃሉን ዋጠው። «ቁርጥ እርስዎን ነበረች።»

«አፍህን እስቲ ክፈት።»

ዘበኛው ዙሪያውን አየ። መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም። አፉን ከፈተ።

«ከታች በግራ፣ ከጥግ ሁለተኛው። ሰንብቷል አይደል? ሄደህ አስወልቀው። እዚህ ሳር ላይ መድኃኒት ይረጫል?»

«ሰው የሌለበትን ምን ብለው ይረጩታል» አለ ጉንጩን እያሻሸ። «ሳሩ ለምንዎ ነው?»

«መንጋጋዋ ለተጎዳ ጥንቸል። ካልበላች ቅዳሜ ይገድሏታል።»

ሃሩን ትንሽ አሰበ። ከዚያ «የኋላውን በር አይቼ እስክመለስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል» ብሎ በቀስታ ሄደ። ሲው ኪም ሥራዋን ቀጠለች። በሽቦው ውስጥ ድሮ ልጆቹ ከእረፍት በኋላ የሚደረደሩበት ረጅም ቦይ ይታያታል፤ ሁሉም የፕላስቲክ ኩባያቸውን ይዘው ቁጢጥ ብለው ጥርሳቸውን ይፍቁ ነበር፣ እሷም በላያቸው እየተመላለሰች «ከኋላም! ከኋላም!» ትል ነበር። አሁን ቦዩን ሳር በልቶታል። ፌስታሉን ሞላችና ተመለሰች።

ሳሩን ሦስት ጊዜ አጥባ፣ በጨርቅ አድርቃ ሰጠቻት። ካያ ሐሙስ አሸተተችው፤ ሌላ ምንም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ ቅጠል አነሳች፣ ሁለት ሦስቴ አኘከች፣ ጣለችው። ሲው ኪም ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በገዛ እንባዋም ተናደደች። ማልቀስ ለቡን ቴክ ቀጠሮ መፈረም መሰላት።

ቅዳሜ ማለዳ ግን ሌላ ሐሳብ መጣላት። ድሮ የልጅ ጥርስ ሞልታ ስትጨርስ ቀጭን ሰማያዊ ወረቀት ታስነክሰው ነበር። ወረቀቱ የሚተወው ምልክት የትኛው ጥርስ ከፍ እንዳለ፣ የትኛው እንዳልነካ ይነግራታል። ልጅ ይዋሻል፣ እናት ትዋሻለች፣ ንክሻ አይዋሽም። ሲው ኪም መነጽሯን አደረገች፣ መሬት ላይ ተቀመጠችና ለካያ አምስት ቅጠል አንድ በአንድ ሰጠቻት። እያንዳንዱ በየትኛው የአፏ በኩል እንደገባ ልብ ብላ እያየች፣ ካያ የጣለችውን ሁሉ በነጭ ሳህን ላይ ለየብቻ አስቀመጠች።

መስኮቱ አጠገብ ወስዳ በማጉያ መስታወት አየቻቸው። በቀኝ በኩል የገቡት ሦስቱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተበስተዋል፤ ካያ ነክሳ፣ ደንግጣ፣ ተፍታቸዋለች። በግራ በኩል የገቡት ሁለቱ ግን ጫፋቸው ደቅቋል፣ ጭረቱ ሁሉ እኩል ነው፤ የተፈጩ ናቸው። ሲው ኪም መስታወቱን አስቀመጠች።

ይህን ጊዜ ነው ቡን ቴክ መያዣ ሳጥኑን ይዞ የገባው። አራት ሰዓት ሆኗል። ሳጥኑ ውስጥ አዲስ ፎጣ አንጥፎበታል፤ ፎጣውን ስታይ በልጇ ላይ የነበራት ቁጣ ትንሽ ላላ፣ ሐሳቧ ግን አልላላም።

«ማ፣ ዝግጁ ነሽ?»

«ተቀመጥ።»

«ሰዓቱ…»

«ቀጠሮህ አምስት ሰዓት ነው። እስከዚያ ሰዓቱ የኔ ነው። መሬት ላይ ተቀመጥ፣ እዚህ።»

የባንክ ሠራተኛው ቡን ቴክ ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ጡብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እናቱን ሲመለከት ፊቷ የድሮውን ፊት ይዟል፤ ሰው የማያናግር፣ የሥራ ፊት።

«ማ፣ በሷ ዕድሜ…»

«ዕድሜ አይደለም» አለችው። «ዋሽቼሃለሁ። ጥርሷን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ዓመት ሙሉ ሙቅ እያበላሁ። የጥንቸል ጥርስ የሚሞረደው በሻካራ ነገር ነው፤ እኔ ሻካራውን ሁሉ ከፊቷ አነሳሁ። ዶክተሯ ነግራኛለች። ላንተ ግን አፍሬ እርጅና ነው አልኩህ።»

ቡን ቴክ እናቱ ተሳስቻለሁ ስትል በሃምሳ ዓመቱ ሰምቶ አያውቅም። «አላወቅሽም እኮ» አላት።

«አላወቅኩም። ማወቅ የነበረብኝ ግን እኔ ነበርኩ። ስለዚህ በእርጅና አሳብባችሁ አትገድሏትም፣ እኔንም በነጻ አትለቁኝም። እምቢ ብያለሁ። የምትሞት ከሆነ ሳር እየበላች ትሙት፣ በኔ ሙቅ ግን አትሞትም። አሁን ዝም በል፣ እንዳታስደነግጣት።»

ረጅሙን ቅጠል መረጠች። ካያን በፎጣ አልጠቀለለቻትም፤ በግራ ጎኗ በኩል አጠገቧ ተጋድማ፣ አንድ ጉንጯን ወለሉ ላይ አድርጋ፣ ቅጠሉን ከግራ በኩል፣ ከከንፈሯ ጥግ አስጠጋችላት። ሰባ አራት ዓመት የሞላት ሴት፣ መሬት ላይ ተዘርግታ። ካያ አፍንጫዋን አንቀጠቀጠች። ዞር አለች። ሲው ኪም ቅጠሉን ሳታንቀሳቅስ ጠበቀች። ካያ ተመለሰች፣ ከንፈሯን ከፈተች፣ ጫፉን ወሰደች።

አኘከች። ቡን ቴክ አሁን ትጥለዋለች ብሎ ጠበቀ። ካያ አልጣለችውም። ቅጠሉ በቀስታ ወደ ውስጥ ይሳብ ጀመር፣ አንድ ጣት ያህል፣ ሁለት ጣት ያህል፤ አገጯ ወደ ጎን ይመላለሳል፣ ቤቱ ውስጥ ቅርጭጭ ቅርጭጭ የሚል ትንሽ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ቅጠሉ አለቀ። ሲው ኪም ሁለተኛውን ሰጠቻት። በልታው አገጯን ወደ ሦስተኛው ዘረጋች።

ቡን ቴክ አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ሰባት ዓመት ሙሉ ስትበላ አይቻት አላውቅም» አለ።

«ለሁለት ሳምንት ብለህ አምጥተህ የት ታያታለህ?» አለች ሲው ኪም ከወለሉ ላይ ሳትነሳ። «እንካ፣ አንተ ስጣት። በግራ በኩል። በግራ አልኩህ፣ ግራህን አታውቅም?»

እሱ እየሰጣት እያለ ስልኩን አወጣ። «ቀጠሮውን ልሰርዝ።»

«እንዳትሰርዝ።»

«ማ?»

«ቀኙ ገና ነው። ከላይ ይሁን ከታች አላውቅም፣ ከኋላ ግን አንድ እሾህ ቀርቷል፤ ሳህኑ ላይ ማስረጃው አለ፣ ይዘን እንሄዳለን። ደውልና ለማስተኛት አይደለም በላቸው። ጥርስ ልናስሞርድ ነው የምንመጣው በላቸው። ከዚያ በየስድስት ሳምንቱ ቀጠሮ እየያዝክ ትመጣለህ፣ መኪናው ያንተ ነው።»

ቡን ቴክ ደወለ። የተባለውን ለማስረዳት ብዙ ተቸገረ፤ ማነው ያለው ብለው ሲጠይቁት ግን «እናቴ ናት» አለ፣ «የጥርስ ነርስ ናት»፣ ከዚህ በላይ ሌላ ማብራሪያ አልሰጠም። ዘጋና ወደ እሷ ዞረ።

«ማ፣ አንድ ቀን ግን ሳሩንም እምቢ ትላለች። ያን ጊዜስ?»

ሲው ኪም በአንድ እጇ ወለሉን፣ በሌላው የልጇን ትከሻ ተደግፋ ተነሳች፤ ሁለቱም ጉልበቶቿ ተንቋቁ። የነጩን ሳህን ቅጠሎች በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ያን ቀን እኔው ራሴ እደውልልሃለሁ» አለችው። «ዛሬ ግን እየበላች ነው። ሳጥኑን ያዝ፣ ሳሩንም አትርሳ፣ መንገድ ላይ ትበላዋለች።»